ከፎገራ ሜዳ እስከ ካዛንቺስ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በሩዙ፣ በከብቱና በክረምት ጎርፉ ይታወቃል። ከዚህ ሜዳና በዙሪያው ካሉት ከሊቦ፣ ከደራ፣ ከእስቴና ከጋይንት ለዘመናት ሲወጣ የኖረ ሌላም ነገር አለ፤ የጥበብ ሰው። አዝማሪው ማሲንቆውን አንግቶ፣ መሪጌታው መቋሚያውን ይዞ፣ ሠዓሊው ብሩሹን ቋጥሮ፣ ሸማኔው መወርወሪያውን ጠቅልሎ እንጀራ ወዳለበት ሄዷል። ጉዞው ከመኪና መንገድም ከአዲስ አበባም ይቀድማል። በጊዜ ብዛት የተለወጠው መድረሻውና ሸላሚው ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመመለሱ ነገር። የቀድሞው አዝማሪ ዞሮ ዞሮ ቤቱ ይገባ ነበር፤ የዛሬው ብዙውን ጊዜ ኪራይ ቤት ውስጥ ይቀራል።

የጉዞው በር ወረታ ናት። ከዚህች ከተማ አንዱ መንገድ ወደ ደቡብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ባሕር ዳር ይገባል፤ ሌላው በይፋግና በአዲስ ዘመን አልፎ ወደ ጎንደር ይዘልቃል፤ ሦስተኛው፣ ሕዝቡ እስካሁን “የቻይና መንገድ” የሚለው፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት አቋርጦ ወልድያ ይደርሳል። በጥር ወር፣ በሠርግ ሰሞን፣ መናኸሪያው ውስጥ ማሲንቆ ይዞ የሚሳፈር ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። መሣሪያው በማዳበሪያ ጆንያ ይጠቀለላል፤ ባለአራት ማዕዘኑ ገላው ከውስጥ ሆኖ ረጅሙ አንገትና መቃኛው ብቻ ብቅ ይላሉ። ረዳቱ የሰውን ጓዝ ሁሉ ጣራ ላይ ሲጭን ማሲንቆውን ግን ባለቤቱ አይሰጠውም፤ ጭኑ ላይ አድርጎት ይጓዛል። የተወጠረው ቆዳ ፀሐይ ሲበዛበት ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ይረግባል፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራው አንድ ክር ቢበጠስ መንገድ ላይ የሚተካ አይገኝም። አብራው የምትሄደው ሴት ብዙ ጊዜ ሚስቱ ናት። ከበሮውን የምትመታውም፣ ዜማውን ከፍ አድርጋ የምትቀበለውም እሷ ናት።

ገበያና ግቢ

ይፋግ ዛሬ በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል አውራ ጎዳናውን ተከትላ የተቀመጠች አነስተኛ ከተማ ናት። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ስሟ ከጎንደር ገበያ ጋር አብሮ የሚነሣ የንግድ ቦታ ነበረች። የጎጃም፣ የየጁና የጎንደር ሲራራ ነጋዴዎች ይገናኙባታል፤ አሞሌ ጨው ይመነዘርባታል፤ ቀረጥ ይከፈልባታል። የውጭ ተጓዦችም በየማስታወሻቸው ጠቅሰዋታል። ገበያ ባለበት ጠጅ ቤት አለ፤ ጠጅ ቤት ባለበት አዝማሪ አይጠፋም።

ከገበያው የሚበልጠው ሸላሚ ግን ግቢው ነበር። ነገሥታቱ በድንኳን ከተማ በሚዘዋወሩበት ዘመን የጥበብ ሰውም አብሮ ይዘዋወር ነበር። አፄ ሠርፀ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1563–1597) ከይፋግ ብዙም በማይርቀው በእንፍራንዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ ሲያሠሩ፣ ኋላም አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ ይህ አካባቢ የመንግሥቱ እምብርት ሆነ። ቤተ መንግሥቱ በድንጋይና በኖራ ሲቆም ሠዓሊው፣ ጸሐፊው፣ አንጥረኛውና አዝማሪው መድረሻቸው ታወቀ። በሁለት ዘመን ተከፍሎ የሚጠናው የጎንደር የሥዕል ስልት የዚህ መሰባሰብ ውጤት ነው። ነገሥታቱና እቴጌዎቹ ደብር በተከሉ ቁጥር መቅደሱን ከጣሪያ እስከ ወለል በሥዕል የሚሸፍን እጅ ይፈለጋል፤ እጁም ከየገዳሙና ከየደብሩ ይመጣል። አንዱ ደብር ሲያልቅ ሠዓሊው ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

የጎንደር ነገሥታት ሲዳከሙ ግቢውም ፈለሰ። የየጁው ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መቀመጫ አደረጉ፤ የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊም እዚያው ሰነበቱ፤ አፄ ቴዎድሮስም ከተሙባት። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎች ከአገሬው አንጥረኞች ጋር ብረት ሲያቀልጡ ኖረው በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አፈሰሱ። ከሰዎቹ አብዛኞቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ነበሩ፤ ንጉሡ ግን የፈለጉት እጃቸውን ነበር።

በዚያ ሥርዓት የጥበብ ሰው ሥራ የሚያገኘው በደጅ ጥናት ነው። ጌታው በር ላይ ይከርማል፣ ግብር በተበላ ቀን አዳራሽ ይገባል፣ ያሞግሳል፣ ከተወደደለት ልብስ ወይም በቅሎ ይሸለማል። ጌታው ሲዘምትም አብሮ ይዘምታል። አደጋውም የዚያኑ ያህል ነበር። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በደምቢያ ጉር አምባ ላይ ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ ደጃዝማች ጎሹን ሲያሸንፉ፣ ከውጊያው በፊት በካሳ ላይ ሲዘፍን የነበረው የጎሹ አዝማሪ ተማርኮ በግጥሙ ምክንያት መገደሉ ይተረካል። በአንድ ጌታ ፊት ሽልማት ያስገኘ ስንኝ በሌላው ፊት አንገት ያስቀጣ ነበር።

የናበጋው አለቃ

ከፎገራ ተነሥቶ በየከተማው የዞረ የጥበብ ሰው ይጠራ ከተባለ ግንባር ቀደሙ አዝማሪ ሳይሆን የቤተ ክህነት ሰው ነው። አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወለዱ። አገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ማንም ያልተናገረው ቀልድ ሳይቀር በእሳቸው ስም ይነገራል። ቀልዱ ግን ትልቁን ሥራቸውን ሸፍኖታል። አለቃው በቅኔና በፍትሐ ነገሥት የበሰሉ መምህር ነበሩ። በጎንደር አስተምረዋል፤ ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር በምላሳቸው ተጣልተው ወደ ጣና ደሴት መሸሻቸው ይነገራል፤ በኋላም በአፄ ምኒልክ ግቢ ከሊቃውንቱ ጋር ተቀምጠዋል።

ያመጡት አዲስ ነገር የአቋቋም ስልት ነው። ካህናት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ ሰውነት ግራና ቀኝ በለዘብታ የሚወዛወዝበትን መንገድ ያገኙት፣ እንደሚባለው፣ በጣና ዳር ደንገሉ በንፋስና በሞገድ ሲናወጥ አይተው ነው። ታሪኩ ሳይዋብ አይቀርም፤ ስልቱ ግን በዓይን የሚታይ እውነት ነው። የጎንደር ሊቃውንት ነባሩን ሥርዓት ያበላሻል ብለው አልተቀበሉትም። ስልቱን ያስፋፋው ልጃቸው ተክሌ ነው። ወደ ደብረ ታቦር ወስዶ አስተማረው፤ እዚያ ተተከለ፣ በስሙም “የተክሌ አቋቋም” ተባለ። ከደብረ ታቦር የወጡ መሪጌቶች ደግሞ ወደ አዲስ አበባ አድባራት አደረሱት። ትልቁ ከተማ የገፋውን አነስተኛው ተቀበለው፤ የኋላኛው ትልቅ ከተማ ከዚያ ወሰደው። ለፈጠራ ምቹ የሚሆነው ብዙ ሊቅ የተሰበሰበበት ቦታ ብቻ ነው ለሚሉ ይህ ታሪክ አይመችም። በነባሩ ጎንደር ወንበሩ ሁሉ ተይዞ ነበር፤ ደብረ ታቦር ግን ገና የራሷን ስም የምትፈልግ ከተማ ነበረች።

የቤተ ክህነቱ መንገድ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ደቡብ ጎንደር ለድጓ ቤተ ልሔምን፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባን፣ ለአቋቋም ደብረ ታቦርን ይዟል። የቆሎ ተማሪው ከየአገሩ በእግሩ መጥቶ በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ይማራል፤ ሲመረቅ ደመወዝ ወዳለበት ደብር፣ ብዙውን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ፣ ይሄዳል። የሙያው ምስክር ወረቀቱ የመምህሩ ስም ነው፤ “ቤተ ልሔም አስመስክሬአለሁ” ያለ መሪጌታ የትም ቢሄድ ይከበራል።

ዙረት

አዝማሪው እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። ሙያው በዘር ይወረሳል። በጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ያሉ አዝማሪዎች ተሰባስበው የሚኖሩባቸው መንደሮች አሉ፤ ልጁ ገና በልጅነቱ አባቱን ተከትሎ ይወጣል። የሚያስተምረው የለም፤ ያያል፣ ይሰማል፣ ይሞክራል። መጀመሪያ ክሩን በጣቱ መያዝ፣ ቀጥሎ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን መለየት፣ በመጨረሻ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን፣ እጅ ሳያቋርጥ አፍ ስንኝ እንዲፈጥር ማድረግ ይለምዳል። አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት፣ ሌላ ሰው የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋም አላቸው፤ የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጥናት አውጥቶበታል። ጥቅሙ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በሠርግ ቤት መካከል ሆነው የትኛው እንግዳ እጁ እንደሚፈታ፣ የትኛው ሰክሮ ጠብ እንደሚፈልግ፣ መቼ መነሣት እንደሚሻል ይነጋገሩበታል።

የዙረቱን ወቅት የሚወስነው እርሻና ጾም ነው። አዝመራው ተሰብስቦ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ፣ ከገና ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ አገሩ በሠርግ ይሞላል። ጾሙ ሲገባ ማሲንቆው ይሰቀላል፤ 55 ቀን ሙሉ ዘፈን የለም፣ ገቢም የለም። ከፋሲካ በኋላ ጥቂት ሠርግ ይገኛል፤ ክረምት ሲገባ ሁሉ ነገር ይበርዳል። ይህን ስለሚያውቅ የገጠሩ አዝማሪ ብዙውን ጊዜ ትንሽም ቢሆን ያርሳል።

በፎገራ በዚህ ላይ ሩዝ ተጨምሯል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ያስጀመሩት ሰብል፣ ጎርፍ የሚተኛበትን ቆላማ መሬት ገንዘብ የሚያመጣ አደረገው። “ኤክስ ጅግና” የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከቀበሌው ነው፤ ወረታ ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። ሩዝ ሸጦ ልጁን የሚድር ገበሬ ዳሱን ያሰፋል፣ ደጋሹም ተደጋሹም አዝማሪ ይፈልጋል። ስለ አዝማሪ ስደት የሚነገረው ሁሉ ከገጠር ድህነት ይነሣል፤ ገጠሩ ሲያምርበት ሸላሚ እንደሚሆንም ማሰብ ያስፈልጋል።

ከተሸላሚነቱ ጎን ለጎን ንቀት ነበረ፣ አሁንም ጨርሶ አልጠፋም። አዝማሪ ይጋበዛል እንጂ ልጅ አይዳርለትም፤ ስሙ እንደ ስድብ ያገለግላል። ከተማ ከሚስብበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የገባ ልጅ የማን ዘር እንደሆነ የሚጠይቀው የለም፤ የባህል ተጫዋች ወይም ድምፃዊ ተብሎ ይኖራል። ሌላው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከተማ በየማታው ሠርግ አለ።

ከሀገር ፍቅር እስከ ኪነት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ግቢው ወደ ደቡብ ሄደ፤ አዝማሪውም ተከተለ። በ1927 ዓ.ም. መኰንን ሀብተ ወልድ የመሠረቱት የሀገር ፍቅር ማኅበር በጣልያን ወረራ ዋዜማ ሕዝቡን ለመቀስቀስ አዝማሪዎችን መድረክ ላይ አወጣ። የወራሪው መንግሥት የማሲንቆን ጉልበት አልናቀም፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የጣልያኑ ገዥ ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና አዋቂ ነን ባዮች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ምክንያቱ አዝማሪ ከገበያ ገበያ እየዞረ ወሬ ስለሚያደርስ ነበር፤ መንግሥት ሊያጠፋው የፈለገው ያንኑ ዙረት ነው።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ሀገር ፍቅር ቴአትር ሆነ፤ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ ክቡር ዘበኛና ፖሊስ የየራሳቸውን የሙዚቃ ክፍል አደራጁ። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው ሃሊም ኤል-ዳብ ያቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ አቀናጀ። ቀድሞ አንድ አዝማሪ ከሌላው ጋር ክሩን አስተካክሎ መጫወት ብዙም አያስፈልገውም ነበር፤ በኦርኬስትራው ግን ሁሉም አንድ ቅኝት ላይ መቆም ግድ ሆነ። ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት፣ የደንብ ልብስ፣ አስቀድሞ የተጻፈ ግጥም መጣ። የወር ገቢ ያለው አዝማሪ ግን በየማታው አዲስ ስንኝ የመፍጠር ግዴታ የለበትም። ብዙዎቹ በዚህ አልከፋቸውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ባላባቱ ጉልቱን አጣ፤ ግብር የሚያበላው አዳራሽም ቀረ። ደርግ በምትኩ ኪነትን አመጣ፤ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይና የወሎው ላሊበላ በየክፍለ ሀገሩ ስም የወጡ ቡድኖች ናቸው። ከየአውራጃው ጥሩ ድምፅና ጥሩ እስክስታ ያለው ወጣት ተመልምሎ ከተማ ገባ፤ ከእነዚህ ቡድኖች ወደ አዲስ አበባ የዘለቁ ታዋቂ ድምፃውያን ብዙ ናቸው። የማታ ሕይወት ግን በሰዓት እላፊ ታፍኖ ነበር። ሌሊት መውጣት የሚያስቀጣ ሲሆን አዝማሪ የሚሠራበት ሰዓት ከቀኑ ላይ ጠፋ።

“ተቀበል!”

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ከወደቀ በኋላ ሰዓት እላፊው ሲነሣ የአዝማሪ ቤት እንደ አሸን ፈላ። አዲስ አበባ ውስጥ ካዛንቺስና ዳትሰን ሰፈር ለዚህ የታወቁ ሆኑ፤ የክልል መቀመጫ የሆነችው ባሕር ዳርና የቱሪስት ከተማዋ ጎንደርም የየራሳቸውን ከፈቱ። የዚያ ዘመን የከተማ አዝማሪዎች ድምፅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው “ኢትዮፒክስ” በተሰኘው ተከታታይ ሥራ ሁለተኛ ቅጽ ተቀርጿል።

ቤቱ ጠባብ ነው። ግድግዳው በሰሌንና በጨርቅ ይሸፈናል፣ ዱካው በዙሪያው ይደረደራል፣ መሐሉ ለጨዋታ ይለቀቃል። ባለማሲንቆው መሐል ላይ ቆሞ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ይዞራል፤ ሴቲቱ ከኋላው ትቀበላለች፤ ከበሮው ጥግ ይዟል። ከእንግዶቹ አንዱ “ተቀበል!” ይላል። አዝማሪው ጆሮውን ያስጠጋል፣ የተነገረውን ስንኝ ቃል ሳያጎድል በዜማው ላይ ያወርደዋል፤ ጓደኛን መንካት፣ ያፈቀሩትን ማመስገን፣ ባለሥልጣንን መሸንቆጥ ሁሉ በሰው አፍ ያልፋል። ብሩ ግንባር ላይ ይለጠፋል ወይም ማሲንቆው ውስጥ ይከተታል።

የሙያው ትልቁ ለውጥ የሚታየው ከዚህ ላይ ነው። በፎገራ ሠርግ አዝማሪው የሙሽራውን አያት ስም፣ የሚዜውን አገር፣ የአማቹን የጀግንነት ታሪክ ያውቃል፤ ካላወቀም ከሚያውቅ ሽማግሌ አስቀድሞ ይጠይቃል። ውዳሴው በዘር ሐረግ ላይ ይቆማል። ከተማ ላይ ግን ፊቱ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ዓይኑ ይሠራል። ጫማውን፣ ሰዓቱን፣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠውን የመኪና ቁልፍ፣ አብራው የመጣችውን ሴት፣ የንግግሩን ቃና ይመለከታል፤ አስተናጋጇን ስሙን ይጠይቃል፤ አገሩን በንግግሩ ይገምታል። ግምቱ ከልክ ካለፈ ሊያስቆጣ ይችላልና የመጀመሪያው ስንኝ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው፤ ሳቅ ካገኘ ሁለተኛው ይደፍራል። ከውጭ አገር ለመጣ ኢትዮጵያዊ ናፍቆት፣ ለነጋዴ ሀብት፣ ለተማሪ ተስፋ ይመረጣል። ይህ ከገጠሩ የቀለለ ጥበብ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነቱ ግን በአንድ ማታ ለብዙ የማያውቁት ሰው ተስማሚ ስንኝ መፍጠር ለአንድ ቤተሰብ የተዘጋጀ ውዳሴ ከማውረድ አያንስም። የቀረው የዘር ሐረጉ እውቀት ነው፤ እሱ ደግሞ ካልዘመሩት ይረሳል።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል ከውጭ ሲታይ ግልጽ አይደለም። ባለቤቱ የሚያተርፈው ከመጠጡ ነው፤ አዝማሪው የሚኖረው ከሽልማቱ። የማታው ሽልማት ተሰብስቦ ለባለማሲንቆው፣ ለዘፋኟ፣ ለከበሮ መቺውና ለተወዛዋዡ ይከፈላል፤ ብዙ ቤት ቋሚ ደመወዝ የለም። የታወቀው ተወዛዋዥ መላኩ በላይ በካዛንቺሱ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለዓመታት ሲጨፍር የኖረው በሽልማት ብቻ ነው፤ በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ የባህል ማዕከል አደረገው፣ ኢትዮከለር የተባለውንም ቡድን መሠረተ። እንዲህ ያለ ዕድል ለጥቂቶች ነው። ለአብዛኛው ከፎገራም ሆነ ከጋይንት ለመጣ ወጣት አዲስ አበባ ማለት ሌሊት ሥራ፣ ቀን እንቅልፍ፣ በወር መጨረሻ የቤት ኪራይ ማለት ነው። በጾም ወራት ገቢው ሲቀንስ ኪራዩ አይቀንስም። ገጠር ሳለ የከረመበት እርሻ የለም።

ሌላው መድረክ የባህል ምግብ ቤቱ ነው፤ ዮድ አቢሲኒያና 2000 ሐበሻ በዚህ ይታወቃሉ። እዚያ ደመወዝ አለ፣ ንጹሕ ልብስ አለ፣ ሰዓቱም የታወቀ ነው። ለቱሪስት የቀረበ ስለሆነ ግን የየብሔረሰቡ ጭፈራ በተራ ይቀርባል፤ ማሲንቆው ከብዙ ትርኢቶች አንዱ ይሆናል። አማርኛ ለማይሰማ ተመልካች ስንኝ መፍጠር ትርፍ ስለሌለው እዚያ የቆየ አዝማሪ እጁ ይሰላል፣ አፉ ይዶለዱማል።

ሴቶቹ ከከተማው የተለየ ነገር አግኝተዋል። በገጠር ዘፋኟ የባሏ ጥንድ ናት፤ ከተማ ላይ ግን ቤቱን የሚሞላው የእሷ ድምፅና ምላስ ከሆነ ስሟ ቀድሞ ይጠራል፣ ቤት ለመክፈትም የምትበቃ አለች። ሕግ ግን ለሁሉም እኩል ዘግይቷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጣ፤ የሚጠቅመው ግን የተቀረጸ ወይም የተጻፈ ሥራ ማስረዳት ለሚችል ነው። በጠባብ ቤት ውስጥ የተፈጠረ ስንኝ በማግሥቱ በሌላ ሰው ሲዲ ላይ “የሕዝብ” ተብሎ ቢገኝ ባለቤቱ የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም።

የሄዱና የተመለሱ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ በፎገራ ወረዳ ውስጥ፣ ፍልሰትን በተለየ መልኩ ያየ የጥበብ ማኅበር አለ። አውራ አምባ በ1964 ዓ.ም. አካባቢ በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተ፣ ወንድና ሴት ሥራን እኩል የሚካፈሉበት መንደር ነው። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ከጎረቤትም ከመንግሥትም በደረሰባቸው ጫና አገሩን ለቀው እስከ ከፋ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ሲመለሱ መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ነበር፤ የተረፋቸው ለማኅበሩ የማይበቃ ጥቂት ሔክታር ነው። በዚህ ምክንያት ሽመናው ዋና መተዳደሪያ ሆነ። ሴቱም ወንዱም ሸማ ይሠራል፤ በአካባቢው ልማድ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ነበርና ይህ ራሱ ያስገርም ነበር። ጎብኚው እዚያው ድረስ መጥቶ ጋቢውንና ሻርፑን ይገዛል። አዝማሪው ገዢውን ፍለጋ ሲሄድ አውራ አምባ ገዢውን ወደ ራሷ አምጥታለች። ይህን ሁሉም ሊደግመው አይችልም፤ ሸማ በሳጥን ይቀመጣል፣ ስንኝ ግን ሰሚ ፊት ካልቆመ አይሸጥም።

የመንገዱ መዘጋት

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ጉዞው ተደጋግሞ ተሰናክሏል። በኮሮና ጊዜ የማታ ቤቶች ተዘጉ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በሌሎች ከተሞች ሰዓት እላፊ ተመለሰ፤ የአዝማሪ ቤቶች መብራት ጠፋ። ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚወስዱት መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉ የገጠሩ ዙረትም አብሮ ቆመ። መንገድ ሳይኖር አዝማሪ መሆን አይቻልም፤ ስለዚህ ባሕር ዳር የነበረው ወደ አዲስ አበባ ገፋ፣ አዲስ አበባ ያለው ቤተሰቡን ለመጠየቅ መሄድ አቃተው።

አዲስ አበባም አልጠበቀችም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ለመልሶ ማልማትና ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ፈንድቃ ከኖረበት ቤት ወጣ፤ በአካባቢው የነበሩ ትናንሽ ቤቶችም ተበታተኑ። የአዝማሪ ቤት ደግሞ የሚሠራው በሰፈር ልማድ ነው። ደንበኛው ከአንዱ ቤት ወጥቶ ሌላው ይገባል፣ አዝማሪውም በአንድ ማታ ሁለት ሦስት ቤት ይሠራል። ቤቶቹ ተራርቀው ሲከፈቱ ይህ ይቀራል፤ ለታክሲ የሚወጣው ገንዘብ ከሽልማቱ ላይ ይነሣል።

ስልክ አንዳንዱን ቀዳዳ ደፍኗል። ጨዋታውን ቀርጾ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የሚለቅ አዝማሪ በውጭ የሚኖር ወገን ስም ጠርቶ ያሞግሳል፣ ሽልማቱም በባንክ ወይም በቴሌብር ይገባለታል። የፎገራ ደጋሽም መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ስሙ የታወቀ ባለማሲንቆ ከባሕር ዳር በስልክ ይዋዋላል፤ ዋጋው፣ የመኪናው ወጪና የድምፅ ማጉያው ኪራይ አስቀድሞ ይነገራል፣ ግማሹም ቀድሞ ይላካል። ሠርጉ ላይ የሚገኘው ሽልማት ከውሉ ውጭ የአዝማሪው ነው። የሙሽራውን ዘር የሚያስታውሰው የመንደሩ ሽማግሌ ደግሞ አሁንም ከማጉያው አጠገብ ይቀመጣል፤ ከከተማ የመጣው አዝማሪ ስም ሲጠፋበት ጎንበስ ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነው።